በባዶ ኪኒን ቢሻለንም ሕመማችን ውሸት አይደለም

ማይግሬን ያለብን ልጆች አንድ አባባል ሰልችቶናል፦ «የሐሳብ በሽታ ነው፤ ባዶ ኪኒን ቢሰጧችሁም ይሻላችኋል!» እሺ፣ ይሻለን ይሆናል። ታዲያ አላመመንም ማለት ነው?

በ2014 እ.ኤ.አ. የቦስተን ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። 66 የማይግሬን ሕሙማን ሪዛትሪፕታን የተባለውን መድኃኒትና ምንም የሌለበትን ኪኒን፣ ማለትም ፕላሴቦን፣ በየተራ ወሰዱ። ጨዋታው ፖስታው ላይ ነው። «ፕላሴቦ» ተብሎ የተጻፈበት እውነተኛው መድኃኒትና የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበት ባዶው ኪኒን ተቀራራቢ እፎይታ ሰጡ። ባዶ መሆኑ በግልጽ የተነገረላቸው ኪኒን እንኳ ምንም ካለመውሰድ ተሻለ።

መድኃኒት ይቅር እያልን አይደለም። ሁለቱም በአንድ ስም ሲሰጡ መድኃኒቱ ሁልጊዜ ባዶውን በልጧል። ነገር ግን የተነገረን ቃልም የራሱን ሥራ ይሠራል።

ስለዚህ ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች ሆይ፣ «ሲያምህ ዋጥ» ብላችሁ ብቻ አትሸኙን። ኪኒኑ ምን እንደሚሠራ ሁለት ቃል ጨምሩልን። ወጪ የለውም።

«የሐሳብ ነው» ለምትሉን ደግሞ፦ ማይግሬን የአንጎል በሽታ ነው። ሐሳብስ የሚታሰበው የት ሆነና?