በር የሌለው ባቡር

ወጣቶች ሆይ! ከእናንተ መካከል አንዳንዶቹ ለትምህርት፣ አንዳንዶቹ ለሥራ፣ አንዳንዶቹም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ውጭ አገር መሄዳችሁ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚመክራችሁ ሰው አይታጣም፤ ስለ ሻንጣው ክብደት፣ ስለ ብርድ ልብሱ፣ ስለ ቪዛው ወረቀት ሁሉም ይነግራችኋል። እኔ ግን የምነግራችሁ በሰው ከተማ በባቡርና በአውቶቡስ ስትዘዋወሩ ስለሚገጥማችሁ አንድ ፈተና ነው። ይህንም የምጽፈው ፈተናውን ስላለፍሁ ሳይሆን ስለ ወደቅሁበት ነው።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬ፣ 34 ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ልማድ ነበረኝ። የፈተናውን ወረቀት ካደልሁ በኋላ ሆን ብዬ ከክፍል እወጣ ነበር። «ሰው የሚታወቀው የሚያየው ሲያጣ ነው» እያልሁ ተማሪዎቼን እመክር ነበር። አንድ ጊዜ ስመለስ አንድ ልጅ ከጎረቤቱ ሲቀዳ አገኘሁትና ዜሮ ሰጠሁት፤ በዚያም ምክንያት ክፍሉን ደገመ። እናቱ መጥታ ብትለምነኝም አልሰማኋትም። ይህን ልጅ አትርሱብኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም.፣ ይኸውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024፣ በርሊን የሚኖረው የእህቴ ልጅ ጋበዘኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ወጣሁ። የዚያ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር ሥራ የጀመረው በ1902 ሲሆን ዛሬ ዘጠኝ መስመር አለው። ከምድር በላይ ደግሞ የከተማውን መካከል እንደ ቀለበት የሚዞር ሌላ ባቡር አለ፤ 37 ኪሎ ሜትር ያህሉን ቀለበት በአንድ ሰዓት ዞሮ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ቢያስደንቀኝም ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ደረጃውን ወርጄ ባቡሩ አጠገብ እስክቆም ድረስ አንድም በር አልተዘጋብኝም፤ ቲኬት አሳይ ያለኝ ዘበኛም አልነበረም። ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌም ሆነ ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናት ማንም ሳያቆማቸው ይገባሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከተማው በሦስት ክልል ተከፍሏል። «ኤ» የሚባለው በቀለበቱ ባቡር ውስጥ ያለው ነው፤ «ቢ» እስከ ከተማው ዳርቻ ይደርሳል፤ «ሲ» ደግሞ ከዳርቻው ውጭ ያለው ነው። አውሮፕላን ማረፊያው የሚገኘው በ«ሲ» ነው፤ ስለዚህ ይህን ሳያውቅ ለሁለቱ ክልል ብቻ ቲኬት የሚገዛ እንግዳ ገና በመጀመሪያው ጉዞው ይሳሳታል። ለ«ኤ» እና ለ«ቢ» የሚያገለግለው የአንድ ጉዞ ቲኬት በዚያ ዓመት 3 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ነበር። ሁለት ሰዓት ያገለግላል፤ ከባቡር ወደ አውቶቡስ መለወጥም ይቻላል፤ ነገር ግን በመጡበት መንገድ መመለሻ አይሆንም። ደግሞም መግዛት ብቻ አይበቃም። ባቡሩ በሚቆምበት ስፍራ ትንሽ ሣጥን አለች፤ ቲኬቱን ወደ ቀዳዳዋ ሲያስገቡት ቀኑንና ሰዓቱን ትመታበታለች። ያልተመታ ቲኬት እንዳልተገዛ ይቆጠራል። ተቆጣጣሪዎቹ ብዙ ጊዜ እንደ ማንኛውም ሰው ለብሰው ይሳፈሩና በሩ ከተዘጋ በኋላ ቲኬት ይጠይቃሉ፤ የሌለውም 60 ዩሮ መቀጮ ይከፍላል።

በማግሥቱ የእህቴ ልጅ የባቡሩን አካሄድ ሊያሳየኝ ይዞኝ ወጣና አንድ ቲኬት ገዛልኝ። ወደ ሣጥኗ ልሄድ ስል እጄን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ አያስመቱት» አለኝ። «እንዲሁ በኪስዎ ይያዙት። ተቆጣጣሪ ካልመጣ ነገም ከነገ ወዲያም ያገለግልዎታል። ቢመጣም ያሳዩትና እንግዳ ነኝ፣ አላወቅሁም ይበሉት። ሽማግሌና የሩቅ አገር ሰው መሆንዎን አይቶ ይተውዎታል።»

«አንተስ እንዲህ ነው የምታደርገው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እኔማ ነዋሪ ነኝ፤ ማን ያምነኛል?» ብሎ ሳቀና የራሱን የወር ቲኬት አሳየኝ። በመላው ጀርመን በከተማ ባቡርና አውቶቡስ የሚያስኬድ፣ በዚያ ዓመት በወር 49 ዩሮ ይከፈልበት የነበረ ቲኬት ነው።

እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉ። ለራሱ ይከፍላል፤ ብልሃቱ የተዘጋጀው ለእንግዳ ነው። የብልሃቱም መነሻ ገንዘብ የእንግዳው አላዋቂነት ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ ይህን አላስተዋልሁም። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ስድስት ጊዜ፣ ያልተመታውን ቲኬት በኪሴ ይዤ ተሳፈርሁ። ኅሊናዬ አልወቀሰኝም ብዬ አልዋሽም፤ ወቅሶኛል። ነገር ግን 3 ዩሮ ተኩሉን በብር ሳሰላው በጊዜው በባንክ ዋጋ ከ200 ብር በላይ ይሆንብኝ ነበርና በዚሁ ስሌት አፉን አዘጋሁት።

በሰባተኛው ጉዞ ተቆጣጣሪዎች መጡ። አንዱ ወጣት ቲኬቴን ተቀብሎ አገላበጠውና በጀርመንኛ ተናገረኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ። በእንግሊዝኛ ደገመልኝ፤ ቃሉን ለሕፃን እንደሚናገሩት አንድ በአንድ እየለየ። እኔ፣ 34 ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርሁት ሰው፣ እንዳልገባው ሆኜ በአማርኛ «አላወቅሁም ልጄ» አልሁት። ልጁ አዘነልኝ። በሚቀጥለው ጣቢያ ይዞኝ ወረደና ወደ ሣጥኗ ወስዶ ቲኬቱን በራሱ እጅ አስመታልኝ፤ «እንዲህ ነው» ብሎ በእጁ እያሳየ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሰደደኝ። ከጎኔ ተቀምጦ የነበረው የአገሩ ወጣት ግን ቲኬት አልነበረውምና ጓደኛው 60 ዩሮ ሲጽፍበት አየሁ።

ያ ተቆጣጣሪ ቢሰድበኝ ኖሮ ተቆጥቼ እረሳው ነበር። ደግነቱ ግን እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ያመነኝ ለምንድን ነው? አንድ ጥቁር ሽማግሌ ይህን ያህል ነገር ሊያውቅ አይችልም ብሎ ስለ ገመተ ነው። እኔም ግምቱ ትክክል ነው ብዬ በቃሌ አጸናሁለት። አባቶቻችን እንዳንናቅ ስንት መከራ ተቀበሉ! እኔ ግን ለ3 ዩሮ ተኩል ስል ናቀኝ ብዬ ለመንሁ።

ይህን ለወዳጆቼ ባጫወትኋቸው ጊዜ ብዙዎቹ ሳቁብኝ፤ ብዙ ምክንያትም ደረደሩልኝ። ምክንያቶቻቸውን አንድ በአንድ እመልሳለሁ፤ እናንተም ነገ ትሰሙአቸዋላችሁና።

አንዳንዱ «ክፍያ ቢፈልጉ ኖሮ በር ይሠሩ ነበር» ይላል። ይህ የሌባ ሎጂክ ነው። ጎረቤቴ ቤቱን ሳይቆልፍ ቢሄድ ዕቃውን ሰጠኝ ማለት ነውን? በር አለመኖሩ ስጦታ ሳይሆን አደራ ነው። አደራ የሚበላ ሰው ደግሞ ቁልፍ ሰብሮ ከሚሰርቀው ይብሳል፤ ሰባሪው የሚያጠፋው ቁልፍ ነው፣ አደራ በላው ግን እምነትን ነውና።

ሌላው «ሀብታሞች ናቸው፤ አይጎዳቸውም» ይላል። ያ ባቡር የአንድ ባለጠጋ ንብረት አይደለም፤ የከተማው ነው። ከቲኬት የሚገኘው ገንዘብ ወጪውን ሁሉ ስለማይሸፍን ቀሪው ከሕዝብ ግብር ይሞላል። ግብር ከፋዩ ማን ነው? ሌሊት ቢሮ የምታጸዳው፣ በሆስፒታል በሽተኛ የምታነሣው እህታችንም ከደመወዟ ይቆረጥባታል። እንግዲህ እኔ ሳልከፍል ስሳፈር የተሸከመኝ ባለጠጋው ሳይሆን እርስዋ ናት።

ሦስተኛው የእህቴ ልጅ ራሱ ያመጣው ነው፤ ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነበር። «ጋሼ፣ አፍሪካን የተቀራመቱት እዚሁ በርሊን ተቀምጠው አይደለምን? ከዚያ ሁሉ ዘረፋ ጋር ሲነጻጸር የእርስዎ ቲኬት ምንድን ነው?» አለኝ። እውነት ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1884 እና በ1885 የአውሮፓ መንግሥታት በቢስማርክ ጋባዥነት በርሊን ላይ ተሰብስበው አፍሪካን የሚይዙበትን ሕግ ሲያወጡ በጠረጴዛው ዙሪያ አንድም አፍሪካዊ አልነበረም። ይህን በደል አቃልሎ የሚያይ ከእኔ ጋር አይስማማም። ነገር ግን ለዚህ ዐይነቱ ትዕቢት አባቶቻችን በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የሰጡት መልስ ምን ነበር? ፊት ለፊት ቆመው፣ ስማቸውን ተናግረው ተከላከሉ እንጂ «አላወቅሁም» ብለው በጨለማ አላለፉም። ታላቅ የደም ዕዳ በ3 ዩሮ ተኩል ስርቆት አይካካስም፤ እንዲያውም እንዲህ የሚል ሰው ዕዳውን ያረክሰዋል። ካሣ የሚገባው ሕዝብ ካሣውን በአደባባይ ይጠይቃል፤ ከኪስ አይመዝም።

አራተኛው «እነርሱም ያታልላሉ» ይላል። አዎን፣ ያታልላሉ! ከጎኔ የነበረው ወጣት ምስክር ነው፤ ተቆጣጣሪም የተቀጠረው ለእኛ ብቻ አይደለም። ስለዚህ «ፈረንጅ ሁሉ ታማኝ ነው» የሚለውን ተረት አልነግራችሁም። ታማኝነት የቆዳ ቀለም የለውም። ይሁን እንጂ ባልንጀራዬ መሳሳቱ ለእኔ ፈቃድ አይሆነኝም፤ ያ የደገመው ተማሪዬም «ሌሎችም ቀድተዋል» ብሎኝ ነበር፣ እኔ ግን አልተቀበልሁትም።

አንዳንድ ሽማግሌዎችም «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» የሚለውን ተረት ያመጣሉ። ተረቱ የሚለው ስደተኛ ሸክሙን ታግሦ ይቻል ነው፤ ይስረቅ አይልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። የሚከፍለው አጥቶ የሚሳፈር ድኃ አለ። በጀርመን አገር ሳይከፍሉ መሳፈር ከመቀጮውም ሌላ በወንጀል ያስከስሳል፤ ፍርድ ቤት የወሰነበትን ገንዘብ መክፈል አቅቶት የሚታሰርም አለ። ይህ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም እያሉ የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ይከራከራሉ። እኔም በዚያ ድኃ ላይ ድንጋይ አልወረውርም። ክርክሬ ከፍሎ መሄድ እየቻለ ብልጠት አድርጎ ከሚቆጥረው፣ ይልቁንም ይህን ለእንግዳ ከሚያስተምረው ጋር ነው።

ታማኝነትን ከበርሊን መማር እንደማያስፈልገንም ልንገራችሁ። አዲስ አበባ በሚኒባስ ታክሲ ስትሳፈሩ ከኋላ ወንበር ያለው ሰው ገንዘቡን ለፊተኛው ይሰጣል፤ ያም ለሌላው አቀብሎ ረዳቱ እጅ ያደርሰዋል። መልሱም በማያውቁት ሰዎች እጅ አልፎ ለባለቤቱ ይደርሳል። በመካከል የሚያስቀርበት የለም። ታዲያ ይህን ልማድ ይዘን አድገን ባሕር ማዶ ስንሻገር ለምን ይጠፋብናል? እንደ ገመትሁት ምክንያቱ አንድ ነው። በአገራችን ዐይን ያየናል፤ በዚያ ግን የሚያውቀን የለም። እንግዲህ የጠበቀን ኅሊናችን ሳይሆን ዐይን ነበር ማለት ነው። ይህን ማወቅ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ማወቁ ይሻላል።

ከበርሊን ከመውጣቴ በፊት ወደ ጣቢያው ብቻዬን ወረድሁ። ያልከፈልሁባቸው ጉዞዎች ስድስት ነበሩ። በ21 ዩሮ ስድስት ቲኬት ገዛሁና በሣጥኗ አንድ በአንድ አስመትቼ፣ በአንዱም ሳልሳፈር ወደ ቤት በእግሬ ተመለስሁ። የእህቴ ልጅ ሰምቶ «ጋሼ፣ ማን አየዎት?» አለኝ። «ማንም» አልሁት። ከዚያ በኋላ አልሳቀም። ቲኬቶቹ ዛሬ በመዝገበ ቃላቴ ውስጥ ይገኛሉ። ያን የቀጣሁትን ተማሪ ባገኘው አውጥቼ አሳየው ነበር፤ ቅጣቱ ልክ እንደ ነበረ፣ ቀጪው ግን ከእርሱ እንደማይሻል እነግረው ነበር።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ። የማታውቁትን ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። አላዋቂ ከሆናችሁ በእውነት አላውቅም በሉ፤ ካወቃችሁ ግን አላዋቂ መስላችሁ አትትረፉ። ክልሉን ተመልክታችሁ ቲኬታችሁን ግዙ፣ አስመቱት፣ እስክትወርዱም ጠብቁት። የወር ቲኬት የሚያዋጣችሁ ከሆነም አስቀድማችሁ አስሉ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣውን እንግዳ ስትቀበሉት ደግሞ ሣጥኗን አሳዩት እንጂ እጁን አትያዙት።