ተበዳሪ ብቻ ሆነን እንዳንቀር

የተማረ ሰው ዕዳ አለበት። ዕዳውም የተቀበለውን ዕውቀት ለሌላው ማካፈል ነው። የኮምፒዩተርን ሥራ የሚማር ተማሪም ከዚህ ዕዳ ነፃ አለመሆኑን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ውድ አንባቢ፣ በዓለም ላይ ከሚሠራባቸው ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የቆሙት ማንም አንብቦ፣ ገልብጦና አሻሽሎ እንዲጠቀምባቸው በነፃ በተሰጡ ጽሑፎች ላይ ነው። ምንጫቸው ክፍት ነው የሚባለውም ስለዚህ ነው። ለአንድ ዓይነት ተግባር የሚረዱ እንዲህ ያሉ ጽሑፎች በአንድነት ሲቀመጡ ላይብረሪ ይባላሉ። ከነዚህም አንዱ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈው አፓቺ ሊብክላውድ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 ክላውድኪክ በተባለ ኩባንያ ተጀምሮ ለአፓቺ ድርጅት ተሰጠ፤ በ2011ም በድርጅቱ ሥር ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ።

ክላውድ ማለት በትልቅ አዳራሽ ተደርድሮ በኔትዎርክ አማካይነት የሚከራይ ኮምፒዩተር ነው። አማዞን፣ ጉግልና ማይክሮሶፍት ከታወቁት አከራዮች ውስጥ ናቸው። ነገር ግን እያንዳንዱ አከራይ የሚታዘዝበት ቋንቋ የተለየ ነው። በዳንግላ ገበያ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ገዢና አዊኛ ብቻ የሚያውቅ ሻጭ ቢገናኙ፣ ሁለቱን የሚያውቅ ሰው በመካከል ገብቶ ያስማማቸዋል። በሊብክላውድ ውስጥ ድራይቨር የሚባለው እንዲህ ያለ አስተርጓሚ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊው «ማሽን ፍጠር»፣ «ያሉትን ዘርዝር»፣ «አጥፋ» እያለ በአንድ ቋንቋ ያዛል፤ ድራይቨሩም ትእዛዙን በአከራዩ ቋንቋ አድርሶ መልሱን ያመጣል። በዚህም ምክንያት አንዱ አከራይ ዋጋ ቢጨምር፣ ተከራዩ ፕሮግራሙን ከሥሩ ሳይጽፍ ወደ ሌላው መሄድ ይቀለዋል።

በአገራችንም ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ በሚል ስም ይህን የመሰለ ኪራይ ያቀርባል። ይሁን እንጂ በ2023 በወጣው በሊብክላውድ 3.8 እትም የአከራዮች ዝርዝር ውስጥ ከኢትዮጵያ አንድም ስም አይገኝም። በዝርዝሩ ያልገባውን አከራይ በላይብረሪው የሚሠራ ሰው ሁሉ አልፎት ይሄዳል። እንግዲህ ይህን ክፍተት ማን ይሙላው? እንደ እኔ አስተያየት የእኛ ትውልድ ነው።

ሥራው የሚያስፈራ አይደለም። በመጀመሪያ ድራይቨሩ የሚጻፍበት አንድ ፋይል ይዘጋጃል፤ ላይብረሪው ለሁሉም አከራዮች የወሰናቸው ተግባሮችም በውስጡ አንድ በአንድ ይሞላሉ። ቀጥሎ የአከራዩ ስም በመዝገቡ ይገባል። ከዚያ ፈተናው ይጻፋል። አከራዩ የሚሰጣቸው መልሶች በፋይል ተቀድተው ይቀመጡና ድራይቨሩ በነሱ ይፈተናል። በመጨረሻም ማብራሪያ ይጨመርበትና ነባሮቹ አባሎች አንብበው ያርሙታል። ሥራው ሲመዘን ጸሐፊው ከዳንግላ ይሁን ከለንደን አይጠየቅም፤ የሚታየው የጽሑፉ ትክክለኛነት ነው።

«መብራት በሚጠፋበትና ኔትዎርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉ አይጠፉም። ችግሩ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው። ከላይ እንደ ተናገርሁት ድራይቨሩ የሚፈተነው በተቀዱ መልሶች ስለ ሆነ፣ አብዛኛው ሥራ ኔትዎርክ በሌለበት ክፍል ሊሠራ ይችላል። ኔትዎርክ የሚያስፈልገው በመጀመሪያ መልሶቹን ለመቅዳት፣ በመጨረሻም እውነተኛውን አገልግሎት ለመሞከር ነው።

የጎደለ ነገር በሰው ጥረት ሲሞላም አይተናል። በ1999 የዓለም የኮምፒዩተር ፊደሎች መዝገብ የሆነው ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል ተቀበለ። ከፊደሎቹ መካከል ጘ ከነቤተሰቡ ይገኛል። የአዊኛ ስም በራሱ ቋንቋ አውጚ ተብሎ ሲጻፍ፣ ጚ በኮምፒዩተራችን ላይ ልትታይ የቻለችው ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ በራሱ ጊዜ የመጣ አይደለም፤ ሰንጠረዥ አዘጋጅተው አሳብ ያቀረቡና የተከራከሩ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።

ነገር ግን ማስገባት የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። አከራዩ የአሠራር ደንቡን በለወጠ ጊዜ ድራይቨሩ ይበላሻል፤ ጠባቂ ያጣ ድራይቨርም ውሎ አድሮ ከላይብረሪው ይወጣል። ስለዚህ ለስም ብሎ አንድ ቀን አስገብቶ መጥፋት አያስመሰግንም። ሥራውን አንድ ሰው ከሚይዘው የትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክበብ ቢይዘው የተሻለ ነው የምለውም በዚህ ምክንያት ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሲሰናበት የ10ኛው ይረከበዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

በ2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ወጣቶች የምስክር ወረቀት ለማግኘት ይደክማሉ። ወረቀቱ መልካም ነው፤ የሚጠቅመው ግን ባለቤቱን ብቻ ነው። በላይብረሪ የገባ ሥራ የማናውቀውን ሰው እንኳ ያገለግላል፤ የሠራውም ሰው ችሎታው በአደባባይ ይታይለታል። አከራዩ መሥሪያ ቤት በበኩሉ አገልግሎቱ የሚታዘዝበትን ደንብ ማንም ሊያነበው በሚችል ቦታ በዝርዝር ሊያወጣ ይገባዋል። ቋንቋው ያልተነገረውን ሰው ማንም አስተርጓሚ ሊረዳው አይችልም።

ተማሪ ጓደኞቼ ሆይ፣ በየቀኑ የምንጠቀምባቸውን ፕሮግራሞች የጻፉልን ሰዎች ዋጋ አልጠየቁንም። እስከ ዛሬ ከነሱ ስንበደር ኖረናል፤ መበደር ነውር አይደለም። ነውሩ መክፈል እየቻሉ ዝም ማለት ነው። በሚመጣው ዓመት በየክበባችን ቢያንስ አንድ የጎደለ ነገር መርጠን፣ ጽፈን፣ ፈትነን እናስገባ፤ ካስገባን በኋላም እንጠብቀው።