ማክቤዝ አርዲቦ ዳር ምን አጠፋ?

ባለፈው ሰሞን ለቅሶ ልደርስ ወሎ ሄጄ ነበር። አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ካለች መንደር። ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ሰው የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ሆነው ተገኙ። ጋዜጠኛ መሆኔን ሲሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «እስቲ ይኼን ጻፍልኝ። ስሜንና ትምህርት ቤቱን ግን ተወው፤ ልጆች አሉኝ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህሩ የተማሪዎቻቸው እንግሊዝኛ አልላወስ ቢላቸው ጊዜ የሼክስፒርን ማክቤዝ በትርፍ ሰዓት ማስተማር ይጀምራሉ። መጽሐፍ የለም። ከአንድ ያረጀ ቅጂ ላይ ፎቶ ኮፒ ያስነሳሉ፤ ከጎኑ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን የአማርኛ ትርጉም ያደርጋሉ። ልጆቹ መጀመሪያ በአማርኛ ያነቡታል፤ ቀጥሎ ያንኑ ትዕይንት በእንግሊዝኛ ቆመው ይጫወቱታል። «ዓመቱን ሙሉ ትንፍሽ ብላ የማታውቅ ልጅ የማክቤዝን ሚስት ሆና ስትናገር ክፍሉ ጸጥ አለ» አሉኝ።

ሦስት ሳምንት አልቆየም። አንድ ሹም ቢጤ መጣና «ይሄ ንጉሡን ገድሎ ዙፋን ላይ የሚወጣው ሰውዬ ማን ነው? ማንን ለመንካት ነው?» ሲል ጠየቀ።

እንዴ! የስኮትላንዱ ማክቤዝ እኮ ከሞተ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ ሆነው! ምን ዋጋ አለው፣ «ከመማሪያ መጽሐፉ አትውጣ» ተባለና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ይህ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ የአውሬዎችን ተረት ቴአትር አድርገው ቢያሳዩ፣ መኳንንቱ ራሳቸውን አዩበትና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር ታገደ። ሐምሌት ውስጥም ያው ነው። ተዋንያኑ ግድያውን ሲጫወቱ ገዳዩ ንጉሥ ከመቀመጫው ብድግ ይላል። የሚያሳክከው ነው የሚያክ!

«የፈረንጅ ቴአትር ለወሎ ልጅ ምን ሊረባው?» የሚሉም አሉ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ማክቤዝ የተጻፈው በ1606 ገደማ ነው። እዚህ እኛ ዘንድ አፄ ዘድንግል በ1604 በገዛ መኳንንታቸው አመፅ ተገደሉ። በልጅነቱ ነግሦ፣ ተሽሮ፣ እንደገና የነገሠው ያዕቆብ በ1607 ጎል ላይ በሱስንዮስ ጦር ወደቀ። ለንደን ውስጥ በመድረክ የሚታየው እዚህ በእውን ይሆን ነበር ማለት ነው። ቀረብ እንበል ካላችሁም፣ ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ዙፋን ሲሉ ከወሎ ዘምተው በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተማርከዋል። ይህን ከአያቱ የሰማ ልጅ ለማክቤዝ ባዕድ ነው?

ደግሞ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኙ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ! ልጁ ቋንቋውን ከየት ያምጣው? ከበደ ሚካኤል ሮሚዮና ዡልየትን፣ ጸጋዬ ሐምሌትን፣ ኦቴሎን፣ ማክቤዝን ደክመው በአማርኛ ያመጡልን ለመደርደሪያ ማድመቂያ ነው እንዴ? በዓመት አንድ ቴአትር፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ይሰጥ ማለት ምኑ ነው የሚያስበረግገው? ሹሞቹ መልስ ካላቸው ገጹ ክፍት ነው።

ከለቅሶው ወጥተን ወደ ሐይቁ ዳር ስንሄድ መምህሩ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። የማክቤዝ ሚስት በእንቅልፍ ልቧ እጇን የምታጥብበት ቦታ ላይ ሲደርሱ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ደሙ እውነት አይለቅም?» ብሎ ጠየቃቸው። «በ2014 ጦርነቱ በእኛ በኩል ሲያልፍ ስንት ነገር ያየ ልጅ ነው። ምን ብዬ ልመልስለት? ተወያዩበት አልኳቸው። ደወል ተደውሎም አልወጡ።»

«ጋሼ፣ ፎቶ ኮፒው የት ደረሰ ታዲያ?» አልኳቸው።

«ልጆቹ ጋ ነው። እኔም መልሱ አላልኳቸው።»