ስለ ተከዜ ሐይቅና ወደ ዋግ ስለሚመጣው አገር ጎብኚ

በዚህ ዘመን ሰው ከሥራው በሚያርፍበት ቀን ወደ ሐይቅ ዳር ወርዶ መዋኘትን፤ በቢስክሌት መንሸራሸርን፤ ወፎችንና አራዊትን መመልከትን እንደ መልካም ዕረፍት መቊጠር ጀምሯል። መንግሥትም ነገሩን ቸል አላለውም። ጎርጎራ በጣና ዳር፤ ወንጪም በተራራው ዐናት ባለው ሐይቁ ዳር፤ በ2012 ዓ.ም. ገበታ ለአገር ተብሎ በተጀመረው ሥራ ለጎብኚ ተዘጋጅተዋል። ይህ ዐይነቱ ጥቅም ለጣናና ለሸዋ ሰዎች ብቻ የተወሰነ ስላይደለ፤ የዋግ ኽምራ ሹማምንትና ካህናትም ሊመክሩበት የሚገባ ነገር ነው። የዋግ ሰው አባቶቹ ያላዩት ትልቅ ሐይቅ ዛሬ በደጁ ተኝቷልና።

ተከዜ ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ ዋግን ከስሜንና ከበለሳ እየለየ በጥልቅ ገደል ውስጥ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ምዕራብ ታጥፎ፤ ሰቲት ተብሎ፤ በአትባራ በኩል ከዓባይ ይደርሳል። በ2002 ዓ.ም. ሥራው ተፈጽሞ የተመረቀው ግድብ ቁመቱ 188 ሜትር ሲሆን የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ኃይል 300 ሜጋ ዋት ነው። ከግድቡ በስተ ኋላ የተጠራቀመው ውሃ ሲሞላ 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። ሰቆጣ፤ ጽጽቃ፤ ዝቋላ፤ አበርገሌ፤ ሰሀላ በሚባሉት በዋግ አገሮች ዝናም በየዓመቱ እየከዳ ገበሬውን ሲያስጨንቀው የኖረ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። በእንዲህ ያለ ደረቅ አገር ይህን የሚያህል ውሃ መገኘቱ የሚያስደንቅ ሲሆን፤ ውሃው በገደል ሥር ሆኖ መሬቱ ከላይ በመሆኑ ግን ለእርሻው በቀላሉ አይደርስለትም። የቀረበለት ጥቅም ሁለት ነው፤ ዓሣና ጎብኚ።

ስለ ዓሣው ነገሩ ተጀምሯል። ከቆላው ወጣቶች በማኅበር ሆነው በታንኳ ቀረሶና አምባዛ የሚያጠምዱ አሉ። ሕዝቡ ዓሣ መልመዱ ትንሽ ነገር አይደለም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ በመንግሥት የወጣው አዋጅ፤ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ከምግብ ጉድለት የሚመጣውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ፈጽሞ ለማጥፋት ያሰበ ነው። አዋጁ በሰቆጣ ስም ሲጠራ፤ በሰቆጣ አጠገብ የሚጠመደው ዓሣ ደግሞ በረዶ ማኖሪያ በማጣት ቢበላሽ ወይም ወደ ሩቅ ገበያ ብቻ ቢጫን ነገሩ እርስ በርሱ ይጋጫል። በዐቢይ ጾም በአዲስ አበባ የዓሣ ዋጋ ከፍ ስለሚል ነጋዴው ወደዚያ ማዘንበሉ አይቀርም። (ዓሣን በጾም ስለ መብላት ያለው ክርክር የሊቃውንት ነው፤ ሕፃን ግን ጾም የለበትም።)

ስለ ጎብኚው ግን ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ሊታሰብበት ያስፈልጋል። ሐይቅ ያየ ሁሉ ልብሱን አውልቆ መግባት ይወዳል፤ ተከዜ ደግሞ እንደ ላንጋኖ አይደለም። አንደኛ፤ ተከዜ ከጥንት ጀምሮ የአዞ ወንዝ ነው፤ ወንዙ ሐይቅ ቢሆን አዞው አገሩን አልለቀቀም። ሁለተኛ፤ ይህ ውሃ ሰው ሠራሽ በመሆኑ ለመብራት ሥራ ሲለቀቅ ይጎድላል፤ በክረምት ይሞላል፤ ዳሩም አንድ ቦታ አይረጋም። ዛሬ ጥልቀቱ ለእግር የሚደርስ የመሰለው ስፍራ ከጥቂት ወር በኋላ ገደል ሊሆን ይችላል። የገደሉም አፈር ሁሉ የሚታመን አይደለም፤ በ2000 ዓ.ም. ግድቡ ገና ሲሠራ ተራራው ተንዶ የድጋፍ ግንብ መሥራት ግድ ሆኖ ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉ የተሰወረው ነው። ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ ውሃ ውስጥ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ያድጋል፤ ከዚያም ወጥቶ በሰው ቆዳ ይገባል። በሞቃት ቆላ፤ ውሃው ጸጥ ባለበትና ሣር በበዛበት ዳር ይጠናል፤ እንዲህ ያለው ስፍራ ደግሞ ለዋና የሚመረጠው ነው። ወንዝ ተገድቦ ሲተኛ በሽታው እንደሚበዛ በግብጽም በሌላም አገር ታይቷል። ለዚህ በሽታ ከዓለም ሊቃውንት ቀድሞ አንድ ብልሃት ያገኘው ኢትዮጵያዊው ዶክተር አክሊሉ ለማ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በ1950ዎቹ ዓመታት በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አየና፤ ከዚያ ተነሥቶ እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል መረመረ። በ1982 ዓ.ም. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ ስለዚህ ሥራ የዓለም ሽልማት ተቀብሏል። እንዶድ በደጋው ሁሉ የሚበቅል ተክል ነው። ስለዚህ የጤና ሹሞች አስቀድመው ውሃውን ሳይመረምሩ፤ የተፈቀደውንና የተከለከለውን ዳር በምልክት ሳይለዩ፤ ማንም ሰው ጎብኚን በተከዜ ዋኝ ብሎ ሊጋብዝ አይገባም።

ይህ ማለት ግን ሐይቁ ለጎብኚ አይሆንም ማለት አይደለም። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሶ በታንኳ መሄድ፤ ገደሉን፤ የውሃ ወፎችን፤ ከተቻለም አዞውን ከሩቅ መመልከት ለብዙ ሰው ከመዋኘት ይልቅ የሚያረካ ነው። መዋኘት የሚሻ ሰው ወደ ምሥራቅ፤ ከኮረም አጠገብ ወዳለው ወደ አሸንጌ ቢሄድ ይሻለዋል፤ ከፍታው 2400 ሜትር ያህል ስለሆነ ውሃው ብርድ ነው፤ ይሁን እንጂ እዚያም ሐኪም መጠየቅ አይቀርም። ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት ሸሽተው የሚመጡ ዳክዬዎች በአሸንጌ ሲያርፉ ማየት ብቻውን መንገዱን ያስከፍላል። ወደዚያ የሚሄድ ግን ምን ዐይነት ስፍራ እንደሚረግጥ ይወቅ። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት የተመለሰው ሠራዊት በዚህ ሐይቅ አጠገብ ሲያልፍ የኢጣልያ አውሮፕላኖች የመርዝ ጢስ አዘነቡበት። ኮረምም በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ሕዝቧ በሜዳ ላይ ሲያልቅ ስሟ በዓለም ሁሉ ተሰማ። እንግዳ በዚያ ሲዝናና መንገድ መሪው ይህንን ቢነግረው ደስታው አይቀንስበትም፤ አገሩን ያከብራል።

ስለ ቢስክሌት ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መጀመሪያ በገባችበት በሜልቦርኑ የኦሊምፒክ ጨዋታ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በቢስክሌት ተወዳድረዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የትግራይ ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ ዙሪያ በሚደረገው ትልቅ ውድድር ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆነ። ባሕር ዳርም በቢስክሌት የታወቀች ከተማ ናት። የዋግ ዳገት ግን ለጀማሪ አይሆንም። መንገዱ ከተጠገነና የሚከራይ ቢስክሌት ከተገኘ፤ ከሰቆጣ ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ያለውን አጭር መንገድ ማስጀመር ይበቃል።

ከዚህም በቀር ካህናትን በቀጥታ የሚነካ ነገር አለ። በዋግ ደጋ የአገሩ ዛፍ፤ ጽዱና ወይራው፤ ከነወፉ የተረፈው ይልቁንም በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ነው። ስለዚህ የተፈጥሮ ተመልካች የሚመጣው ከተከዜ ይልቅ ወደ ካህናቱ ደጅ ሊሆን ይችላል። ወሎ ውስጥ በሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን ጀምሮ ገዳሙ ሐይቁን ሐይቁም ገዳሙን ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ሴቶችም ወደ ገዳሙ እንዳይገቡ ያለው ሥርዓት ስለ ጎብኚ ተብሎ አልተለወጠም። የዋግም አድባራት ጎብኚው እስከ የት እንደሚደርስ፤ ምን እንደሚከፍል፤ ገንዘቡስ ለምን እንደሚውል ጎብኚው ሳይመጣ አስቀድመው በጽሑፍ ቢወስኑ ከኋላ ጠብ ይድናሉ።

የገንዘቡ ነገር ከሁሉ የሚያሠጋው ነው። በወንጪ ባላገሩ በማኅበር ሆኖ በየተራው ፈረስ እየሳበና ታንኳ እየቀዘፈ ሲያገለግል ኖሯል፤ መንደሩም በ2014 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከመልካም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመረጠ። በተከዜ ዳር እርሻው በውሃ የተዋጠበት ሰው አለ፤ መጀመሪያ ታንኳ የመቅዘፍ መብት ሊሰጠው የሚገባ እርሱ ነው። ከከተማ የሚመጣ ባለ ገንዘብ ዳሩን አጥሮ ሆቴል ቢሠራበትና ዓሣ አጥማጁን ቢከለክል፤ የመንግሥት መዝገብ ገቢ ቢያሳይም የአበርገሌ ሰው ሐይቁን ሁለተኛ ጊዜ ተነጠቀ ማለት ነው።

ስለ ሰላም ደግሞ መሸሸግ አይቻልም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የተነሣው ጦርነት ዋግን አቋርጦ አልፏል፤ ሰቆጣም ከመከራው አልተረፈችም፤ ከፕሪቶርያው ስምምነት በኋላም በአማራ አገር ግጭት ተነሥቷል። መንገድ ሳይጸና ጎብኚ መጥራት እንግዳን ማሳሳት ነው። ነገር ግን ውሃውን ማስመርመር፤ ዳሩን መለየት፤ ወጣቶችን ዋናና ሰጥሞ የሚሞተውን ማዳን ማስተማር፤ የታንኳ ማኅበሩን ሕግ መጻፍ፤ ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቅ እስከዚያው ሊሠራ የሚችል ነው። እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በጣና ላይ ያደረሰውን ጉዳት ያየ ሹም፤ ከጣና ወደ ተከዜ የሚመጣውን ታንኳና መረብ ሁሉ ሳይታጠብና ሳይመረመር ውሃ እንዳይነካ ከዛሬ ጀምሮ ማዘዝ ይችላል።