ዶላሩ ያለው የት ነው?

የቼልሲ ደጋፊ ናኦሚ ግርማን በደንብ ያውቃታል። ወላጆቿ ኢትዮጵያውያን የሆኑት አሜሪካዊቷ ተከላካይ እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2025 ከሳንዲያጎ ዌቭ ወደ ለንደን ስትዛወር 1.1 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎባታል። በሴቶች እግር ኳስ ታሪክ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣባት የመጀመሪያዋ ተጫዋች እሷ ናት። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ደግሞ አርሰናል ለካናዳዊቷ ኦሊቪያ ስሚዝ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ሪከርዱን ሰበረ። ይሁንና ፒኤስጂ በ2017 ለኔይማር 222 ሚሊዮን ዩሮ ማውጣቱን የሚያስታውስ ሰው “ይሄም ሪከርድ ተብሎ!” ቢል አይፈረድበትም።

ለመሆኑ ስኬታማ ሴት ስፖርተኞች ገንዘብ የሚያገኙት ከየት ነው? መልሱ እንደ ስፖርቱ ይለያያል።

በእግር ኳሱ ልዩነቱ የሚጀምረው ከሽልማቱ ነው። ፈረንሳይ በ2018 የወንዶችን የዓለም ዋንጫ ስታነሳ የተሰጣት 38 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የአሜሪካ ሴቶች በዓመቱ ዋንጫውን ሲወስዱ ያገኙት 4 ሚሊዮን ብቻ! አሜሪካውያኑ ግን ዝም አላሉም። ፌዴሬሽናቸውን ከስሰው በ2022 የ24 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ላይ ደረሱ። በዚያው ዓመት የወንዶቹና የሴቶቹ ቡድኖች የዓለም ዋንጫ ሽልማታቸውን እኩል እንዲካፈሉ ተወሰነ።

ቴኒስ ይህንን ጣጣ ቀድሞ ጨርሷል። ዩኤስ ኦፕን ከ1973፣ ዊምብልደን ደግሞ ከ2007 ጀምሮ ለሁለቱም ፆታዎች እኩል ይከፍላሉ። ነገር ግን የቴኒስ ሴቶችን ሀብታም ያደረጋቸው ሽልማቱ ብቻ አይደለም። ፎርብስ መጽሔት በ2024 የሴቶች ዝርዝር አንደኛ ያደረጋት ኮኮ ጎፍ 34.4 ሚሊዮን ዶላር አግኝታለች፤ ከዚህ ውስጥ 25 ሚሊዮን ያህሉ የመጣው ከሜዳ ውጭ፣ ማለትም ከማስታወቂያና ከስፖንሰር ነው። ያም ሆኖ መጽሔቱ በዚያው ዓመት ባወጣው የ50 ከፍተኛ ተከፋይ ስፖርተኞች ዝርዝር ውስጥ አንዲት ሴት አልነበረችም።

ወደ እኛ ሰፈር፣ ወደ ሩጫው ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በ2008 የዱባይ ማራቶን ኃይሌ ገብረሥላሴና ብርሃኔ አደሬ ሲያሸንፉ ለእያንዳንዳቸው የተሰጣቸው 250 ሺህ ዶላር ነው። በዚያው ዓመት የ18 ዓመቷ ኬንያዊት ፓሜላ ጄሊሞ ስድስቱንም የጎልደን ሊግ የ800 ሜትር ውድድሮች አሸንፋ የአንድ ሚሊዮን ዶላሩን ጃክፖት ብቻዋን ጠቅልላ ሄዳለች። ጥሩነሽ ዲባባ በ2017 ቺካጎ ላይ ስትነግሥ የወሰደችው 100 ሺህ ዶላርም ከወንዱ አሸናፊ አላነሰም። በዓለም ሻምፒዮና የወርቅ ሜዳሊያ ዋጋም ለወንዱም ለሴቷም አንድ ነው።

ታዲያ ሽልማቱ እኩል ከሆነ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ነገሩ ወዲህ ነው። ጉልበቱን ተጎድቶ ዘጠኝ ወር የተኛ የፕሪሚየር ሊግ ተጫዋች ሳምንታዊ ደመወዙ አይቋረጥም። ሯጯ ግን ክለብ ከሌላት ካልሮጠች የለም። ያገኘችውም ቢሆን ሙሉው ኪሷ አይገባም፤ እንደየአገሩ ታክስ ይቆረጣል፣ ብዙ ጊዜ እስከ 15 በመቶ የሚደርስ የማናጀር ድርሻም ይነሳል። የማራቶን ሯጭ በዓመት ሁለቴ ወይ ሦስቴ ብትሮጥ ነው። ዓመቱን ሙሉ በቴሌቪዥን እንደምትታየው የቴኒስ ኮከብ ፊቷን ለማስታወቂያ መሸጥ ይከብዳታል። ስለዚህ እንደ ደመወዝ የምትተማመንበት አንድ ነገር ቢኖር ከጫማ ካምፓኒ ጋር ያላት ኮንትራት ነው።

ይሄ ኮንትራት ደግሞ ለሴት ሯጭ የራሱ ወጥመድ አለው፤ ወሊድ። አሜሪካዊቷ አሊሰን ፌሊክስ በ2019 ኒውዮርክ ታይምስ ላይ በጻፈችው ጽሑፍ ልጅ ለመውለድ በወሰነችበት ጊዜ ናይኪ ከቀድሞው 70 በመቶ የቀነሰ ክፍያ እንዳቀረበላት ይፋ አደረገች። ጉዳዩ ሲጋጋል ካምፓኒው በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ በእርግዝናና በወሊድ ዙሪያ ባሉ 18 ወራት የአትሌቶቹን ክፍያ እንደማይቀንስ አስታወቀ።

የእኛዎቹ ወልደው መመለስ እንደሚቻል በእግራቸው አሳይተዋል። አሰለፈች መርጊያ እናት ከሆነች በኋላ በ2015 ዱባይን ለሦስተኛ ጊዜ አሸንፋ 200 ሺህ ዶላር ወስዳለች። ጥሩነሽም በ2015 ወልዳ በዓመቱ ሪዮ ላይ ነሐስ አግኝታለች፤ የቺካጎው ድል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግን ሁሉም አሰለፈች፣ ሁሉም ጥሩነሽ አይሆንም። ከወሊድ በኋላ ወደ ቀድሞ ሰዓቷ ለመመለስ ሁለት ዓመት የሚፈጅባት ልጅም አለች። የእሷን ሁለት ዓመት የሚሸፍነው የኮንትራቱ ወረቀት እንጂ ሽልማቱ አይደለም።

እንግዲህ በቴኒስና በእግር ኳስ ትግሉ የሽልማት እኩልነት ነበር። ሩጫው ያንን አግኝቷል። የቀረው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነው። ልጆቹ ከመፈረማቸው በፊት በሚገባቸው ቋንቋ የሚያነብላቸውና “ብወልድስ? ብጎዳስ?” ብሎ የሚጠይቅላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ፌዴሬሽኑም ሆነ ክለቦች ከአሰልጣኙ እኩል አንድ የሕግ ባለሙያ ቢያስቡ አይከፋም።