ፎቁ በማን ጫንቃ ይወጣል?

ሰፈራችን ሳሪስ አቦ ግንባታ አያጣውም። ልጅ ሲያገባ አንድ ክፍል ይጨመራል፤ ጡረታ ሲቃረብ ደግሞ «ለኪራይ ትሆናለች» ተብሎ ከሰርቪሱ ላይ ፎቅ ይታሰባል። ብዙዎቻችን የምንገነባውም እዚያው እየኖርን ነው። ከላይ ብሎኬት ይደረደራል፤ ከታች ልጆች ይጫወታሉ፣ ልብስ ይሰጣል፣ አያት ፀሐይ ትሞቃለች። ስለዚህ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ቀለምና ስለ ሴራሚክ አይደለም። ዕቃው ወደ ላይ ስለሚወጣበት መንገድ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ግድግዳ ስፋቱ 12 ካሬ ሜትር ነው። 40 በ20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ብሎኬት ሲገነባ 150 ብሎኬት ይፈጃል። አንዱን በ15 ኪሎ ብንይዘው 2,250 ኪሎ፣ ማለትም ከ22 ኩንታል በላይ ይሆናል። ይህ የአንድ ግድግዳ ብቻ ነው፤ አሸዋው፣ ሲሚንቶውና ውኃው ገና አልተቆጠረም። ይህን ሁሉ በአጣና መወጣጫ ላይ በባሬላና በጫንቃ የሚያወጡት ብዙ ጊዜ የልጆቻችን እኩዮች ናቸው፤ ሴቶችም አሉበት።

አንድ ጎረቤቴን ስለዚህ ባነሳባቸው «የማንሻ ኪራይ ለምኔ? የቀን ሠራተኛ ሞልቷል» አሉኝ። ሐሳባቸው ይገባኛል፤ የቤት ሥራ ኪስ ያራቁታል። ግን ሒሳቡ ሙሉ አይደለም። መወጣጫው ላይ ተንሸራትቶ የሚወድቅ ልጅም፣ ከላይ የሚያመልጥ ብሎኬትም በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

ትላልቅ ሕንፃዎች ላይ የምናየው ታወር ክሬን ለእኛ ግቢ አይሆንም። በጃፓን እግራቸውን እንደ ሸረሪት አጣጥፈው በጠባብ በር የሚገቡ ትንንሽ ክሬኖች ተለምደዋል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩም አሉ። ለባለ አንድና ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ግን ከዚያም ያነሰች፣ «ሆይስት» ወይም «ዊንች» የሚሏት የኤሌክትሪክ ማንሻ ትበቃለች። ሞተር፣ የሽቦ ገመድ የሚጠቀለልበት ከበሮ፣ መንጠቆና የእጅ መቆጣጠሪያ አላት። በቤታችን 220 ቮልት ትሠራለች። የትንንሾቹ ኃይል 1 ኪሎ ዋት አካባቢ በመሆኑ ከእንጀራ ምጣዳችን ያነሰ መብራት ትወስዳለች።

መሣሪያ ግን እንደ አያያዙ ነው። አራት ነገሮችን አደራ እላችኋለሁ።

አንደኛው ቁጥሩ ነው። ብዙዎቹ ላይ «250/500» የሚል ተጽፎ ታገኛላችሁ። 500 ኪሎ የሚነሳው ገመዱ በተጨማሪ ፑሊ ሲታጠፍ ብቻ ነው፤ ያኔ ፍጥነቱም ከፍታውም በግማሽ ይቀንሳል። በአንድ ገመድ ከሆነ ልኩ 250 ነው፤ የመያዣው ሳጥን ክብደትም በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። ስለዚህ 12 ብሎኬት ጭኖ መመላለስ 16 ከመጫን ይሻላል። ሞተሩም ያለ ዕረፍት እንዲሠራ አልተሰናዳም፤ ሲግል ይረፍ።

ሁለተኛው ማሰሪያው ነው። የማንሻው ክንድ አጣና ላይ አይታሰርም። በደንብ ከደረቀ ኮለን ጋር በብረት ይታሰራል፣ አለዚያም ከኋላው ክብደት ይጫንበታል። 200 ኪሎ ጭነት 1 ሜትር ወደ ውጭ ቢንጠለጠል፣ 2 ሜትር ወደ ኋላ የሚቀመጠው 100 ኪሎ ክብደት ሚዛኑን ብቻ ነው የሚጠብቀው። ለደኅንነት ከዚያ እጅግ መብለጥ አለበት፤ መጠኑን የመሣሪያው መመሪያ ይነግራችኋል። ሲሚንቶ ግን ለዚህ አታስቀምጡ፤ አርማታ ሲያልቅ አንዱ ሳያስብ ከረጢቱን አንስቶ ይወስደዋል።

ሦስተኛው ከሥር ያለው ቦታ ነው። ጭነት ሲወጣ ከሥሩ ማንም አይቆምም፤ ሰውም በማንሻው አይወጣም። ቦታውን አጥሩት፤ ለልጆች ሌላ መጫወቻ ፈልጉላቸው። ማንሻው ወደ መንገድ ከዞረ ደግሞ ሥራውን ከሰዉ እንቅስቃሴ ጋር አስማሙ። ወር በገባ በ5 አቦን ለመሳለም የሚወጣ ሰው ብዙ ነው።

አራተኛው መብራት ነው። የመንገዱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቅርብ ከሆነ ክንዱ ወደዚያ ፈጽሞ አይዙር። የማራዘሚያው ገመድ ተጠቅልሎ ከተሠራበት ይግላል፤ ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ። የኧርዝ ሽቦና ጤነኛ ብሬከር ይኑር፤ ዝናብ ሲጥል ሥራው ይቁም። መብራት ሲጠፋ ጤነኛ ፍሬን ጭነቱን ይይዘዋል፤ ቢሆንም ሰዉን ከአካባቢው አርቁ።

«ማሽን ከመጣ የቀን ሠራተኛው እንጀራ ምን ይሆናል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ተሸካሚው መቀነሱ አይቀርም። ነገር ግን ከታች የሚጭን፣ ከላይ የሚቀበል፣ መቆጣጠሪያውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ጀርባው ሳይጎብጥ የሚሠራ ወጣት ነገም ይሠራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ 18 ያልሞላውም ለአደገኛ ሥራ አይሰማራም። «ጎበዝ ነኝ፣ እችላለሁ» ቢላችሁም ዕድሜውን ጠይቁ።

ከግንበኛው ጋር ስትዋዋሉ ስለ ዋጋውና ስለ ቀኑ ከተነጋገራችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ዕቃው የሚወጣው በምንድን ነው? የማንሻውን ኪራይ የሚከፍለው፣ ሠራተኛ ቢጎዳ የሚያሳክመውስ ማን ነው?» መልሱን በውሉ ላይ አስጽፉ። ሥራው ሳይጀመር ይህን መነጋገር ከአደጋ በኋላ ከመካሰስ ይቀላል።