የጎረቤት ቀይ እስክሪብቶ

እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ከ500 በላይ የፈረንሳይና የጀርመን ተማሪዎች በርሊን ላይ ተሰብስበው ነበር። ሁለቱ አገሮች የኤሊዜን የወዳጅነት ውል የፈረሙበት 40ኛ ዓመት የሚከበርበት ሰሞን ነው። ወጣቶቹ ለመንግሥቶቻቸው ካቀረቧቸው ሐሳቦች አንዱ፣ የሁለቱም አገር ልጆች የሚማሩበት አንድ የታሪክ መጽሐፍ ይዘጋጅ የሚል ነበር። ከ1870 እስከ 1945 ሦስት ጊዜ ጦር የተማዘዙ አገሮች አንድ መጽሐፍ!

ሥራው የታሪክ መምህራን ዕዳ ሆነ። ከፈረንሳይ በጊዮም ለ ኬንትሬክ፣ ከጀርመን በፔተር ጋይስ የሚመሩት ጸሐፊዎች ገና ሲጀምሩ ልማዳቸው አልገጠመም። ፈረንሳዮቹ የለመዱት መጽሐፍ በሰነድ፣ በካርታና በፎቶግራፍ የተሞላ፣ የጸሐፊው ማብራሪያ ግን አጠር ያለ ነው። ጀርመኖቹ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይወዳሉ። ከ1945 ወዲህ አሜሪካ በነበራት ሚና ላይም የፈረንሳዮቹ ሚዛን ጠንከር፣ የጀርመኖቹ ለስለስ ያለ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ላይ ጀርመን ውስጥ ትምህርት የየክልሉ ሥልጣን በመሆኑ መጽሐፉ ከ16 ክልሎች ሥርዓተ ትምህርት ጋር መጣጣም ነበረበት።

ያም ሆኖ የመጀመሪያው ቅጽ በ2006 ታተመ። ሥዕሉና ካርታው አንድ፣ የሚለየው ቋንቋው ብቻ። ጸሐፊዎቹ ልዩነታቸውን አላድበሰበሱም፤ ፈረንሳዊና ጀርመናዊ አንዱን ጉዳይ እንዴት እንደሚያዩት ጎን ለጎን የሚያሳይ ክፍል ለብቻው ሰጡት። ሁለተኛው ቅጽ በ2008፣ ሦስተኛው በ2011 ተከተሉ።

እርግጥ መጽሐፉ በየትምህርት ቤቱ አልተስፋፋም። በይበልጥ የተጠቀሙበት በሁለት ቋንቋ የሚያስተምሩ ክፍሎች ናቸው። ይህን አይተው ድካሙ ከንቱ ቀረ የሚሉ አይጠፉም። ይህ ዓምድ ግን በዚህ አይስማማም። አንድ መምህር ለዓመታት ሲያስተምረው የኖረውን ዓረፍተ ነገር ጎረቤቱ በቀይ እስክሪብቶ ሲያሰምርበት፣ ለምን እንዲህ እንደሚል ማስረዳት ግድ ይሆንበታል። የአገሩ ባልደረባ ይህን አይጠይቀውም፤ ሁለቱም ያደጉት በአንድ መጽሐፍ ነውና።

ይህን ቀድመው የተረዱ ሰው ነበሩ። ብራውንሽቫይግ በተባለችው የጀርመን ከተማ መምህራንን ያሠለጥኑ የነበሩት ጌኦርግ ኤከርት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጀምሮ የጎረቤት አገር መምህራን መጽሐፍ ለመጽሐፍ እንዲተራረሙ ደከሙ። ከፈረንሳይ የታሪክና የጂኦግራፊ መምህራን ማኅበር መሪ ከኤድዋር ብሩሌ ጋር ተጋግዘው ሠሩ፤ በ1951 የሁለቱ አገሮች የታሪክ ሊቃውንትና መምህራን በጋራ ነጥቦች ላይ ተስማሙ። ከነጥቦቹ አንዱ፣ በ1914 የአውሮፓን ጦርነት አስቦና አቅዶ ለኮሰ ብሎ አንድን መንግሥት ወይም ሕዝብ ለመወንጀል ሰነዶቹ አይፈቅዱም የሚል ነው። ሬሳው ገና በተለቀሰበት ዘመን ይህን መጻፍ ትልቅ ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

ዛሬ መገናኘቱ ቀሏል። የአውሮፓ ኅብረት በ2005 ባስጀመረው ኢትዊኒንግ በተባለው መርሐ ግብር ከ1 ሚሊዮን በላይ መምህራን ተመዝግበዋል፤ የፖርቱጋልና የፊንላንድ ክፍሎች ከወንበራቸው ሳይነሱ አንድ ፕሮጀክት መሥራት ይችላሉ። ኢራስመስ ፕላስ በተባለው የኅብረቱ የልውውጥ መርሐ ግብር ድጋፍ ደግሞ መምህሩ ሌላ አገር ሄዶ የባልደረባውን ክፍለ ጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይከታተላል። በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። ሰላምታና ፎቶግራፍ ተለዋውጦ ለመለያየት ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ወጪ አያስፈልግም ነበር። መምህራኑ እንዲከራከሩበት አንድ የጋራ ሥራ፣ ለሥራውም ከማስተማሪያ ሰዓታቸው ላይ የተቀነሰ ጊዜ ይሰጣቸው። ፈተና አርሞ፣ ልጆቹን አስተኝቶ ማታ የሚሠራ ትብብር ዕድሜ የለውም።

ጊዜው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የጀርመንና የፖላንድ ታሪክ ያሳያል። የሁለቱ አገሮች የመማሪያ መጻሕፍት ኮሚሽን የተቋቋመው በ1972 ነው። በ1976 ያወጣቸው 26 ምክሮች ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ቁጣ ቀሰቀሱ፤ አንዱ ምክንያት አንድ ቃል ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከቀድሞው የጀርመን ምሥራቃዊ ግዛት የተነቀሉትን ጀርመናውያን በሚመለከት ምክሮቹ «መባረር» የሚለውን ቃል ሸሽተው ስለ ሕዝብ መዘዋወር ነው የተናገሩት። በፖላንድ በኩል ደግሞ ሳንሱር ስለነበረ ካቲን ላይ በሶቪየቶች ስለተረሸኑት የፖላንድ መኮንኖች አልተነሳም። ኮሚሽኑ በዚህ ሳቢያ አልፈረሰም፤ መሰብሰቡንም አላቋረጠም። «አውሮፓ፤ ታሪካችን» የተባለው የጋራ መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጽ በ2016 ወጣ። ሁለተኛውን የዓለም ጦርነትና ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን የያዘው አራተኛው ቅጽ ተማሪዎች እጅ ለመድረስ የበቃው በ2020፣ ከ26ቱ ምክሮች 44 ዓመት በኋላ ነው።